ምዕራፍ ሰባት፦ ስለ ሕግ ትምህርት በአደባባይ የሚነገር ቃልና ተጠያቂነቱ

በ1954 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ዛሬ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ተብሎ በሚጠራው፣ ያን ጊዜ ግን የአዲስ አበባ ምዕራባዊ ጠርዝ በነበረው በኮልፌ፣ በፖሊስ ሠራዊት የፈጥኖ ደራሽ ሻለቃ ሰፈር ውስጥ፣ ከደቡብ አፍሪካ የመጡ አንድ የሕግ ሰው የችሎት ክርክራቸውን ወደ ጎን ትተው የተኩስና የፈንጂ ትምህርት ይማሩ ነበር። እኒህ ሰው ኔልሰን ማንዴላ ሲሆኑ፣ ስድስት ወር ይፈጃል ተብሎ የታሰበው ሥልጠና ገና ሳያልቅ ድርጅታቸው ስለ ጠራቸው ተመልሰው ሄዱ፤ በአገራቸውም ብዙ ሳይቆዩ ሐምሌ 29 ቀን በፖሊስ እጅ ወደቁ። የኮልፌ ሰው ይህን ታሪክ ሲያወሳ የሚኮራው በወታደርነቱ በኩል ነው። ለያዝነው ጉዳይ የሚጠቅመን ግን የማንዴላ ጠበቃነት ነውና፣ ከኮልፌው ሥልጠና አሥር ዓመት ያህል ወደ ኋላ እንመለሳለን።

እ.ኤ.አ. በ1952 ማንዴላ ከኦሊቨር ታምቦ ጋር በጆሃንስበርግ የጥብቅና ጽሕፈት ቤት ከፈቱ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም የዘር አድልዎን ሕግጋት ሆን ብሎ በመተላለፍ ለመቃወም የተጠራውን ዘመቻ መርተዋል ተብለው የዘጠኝ ወር እስራት በገደብ ተፈረደባቸው። ከዚህ በኋላ የትራንስቫል የሕግ ማኅበር፣ ሕግን ለማገልገል የማለ ሰው ሕዝብን ሕግ እንዲተላለፍ በአደባባይ ከቀሰቀሰ በኋላ ጠበቃ ሆኖ ሊኖር አይገባውም ሲል፣ ስማቸው ከመዝገብ እንዲፋቅ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት አመለከተ። የጆሃንስበርግ ጠበቆች ጉባኤ ሊቀ መንበር የነበሩት ዋልተር ፖላክ፣ ማኅበሩ የሙያ ወገናቸው መሆኑ ሳያግዳቸው፣ ያለ ክፍያ ለማንዴላ ተሟገቱ፤ ዳኛው ራምስቦተምም እ.ኤ.አ. በ1954 በሰጡት ፍርድ፣ ሰውየው ለወገኑ ይበጃል ብሎ ባመነበት የፖለቲካ ሐሳብ መቀጣቱ ሐቀኝነቱን የሚያጎድል ነውር እንዳልሆነ ገልጸው አቤቱታውን ውድቅ አደረጉ፤ ወጪና ኪሳራውንም ማኅበሩ እንዲከፍል አዘዙ።

አመልካቹ ማኅበር ተራ ከሳሽ አልነበረም፤ ሕጉን የሚያውቅ፣ የሙያውን ክብር እንዲጠብቅ ሥልጣን የተሰጠው አካል ነበር። ይሁን እንጂ «እገሌ ለሕግ ሥራ አይገባም» የሚለው ቃሉ፣ ማስረጃ ተጠይቆበት፣ የተነካውም ሰው መልስ ሰጥቶበት፣ በሦስተኛ ወገን ፊት በተመዘነ ጊዜ ቀሎ ተገኘ። ማን ለሕግ ሥራ ይገባል፣ ማንስ አይገባም የሚለው ጥያቄ በአገራችን ከችሎት ይልቅ በመግለጫ፣ በዜና ዕወጃ፣ በምረቃ ቀን ንግግርና በስብሰባ አዳራሽ ሲነገር ኖሯል፤ በእነዚህ ስፍራዎች ደግሞ ሦስተኛ ወገን የለም። የሕግ ትምህርት ይጥበቅ፣ ይስፋ፣ ይዘጋ ብሎ በአደባባይ የሚናገር ሰው፣ ሚኒስትርም ይሁን መምህር፣ ጠበቃም ይሁን ጋዜጠኛ፣ በፊቱ በሌሉ ሰዎች ዕጣ ላይ የሚፈርድ ነውና፣ ዳኛ የሚጠየቀውን ሁሉ እርሱም ሊጠየቅ ይገባዋል የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ በታች የሚመጡትን ነገሮች ሁሉ የምመዝነው በዚሁ ሚዛን ነው።

ማንዴላ ከኮልፌ በሄዱ በዓመቱ፣ በ1956 ዓ.ም. መግቢያ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በአሜሪካዊው በጄምስ ፖል ዲንነት በስድስት ኪሎ ተከፈተ። ከዚያ በፊት በ1949 ዓ.ም. ስዊሳዊው ዣን ግራቨን ያረቀቁት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ ታውጀው ስለ ነበር፣ አገሪቱ መጽሐፉን ይዛ አንባቢ የምትፈልግበት ዘመን ነበረ። ትምህርት ቤቱ ሥራውን የጀመረው በዚህ አስቸኳይ ፍላጎት መካከል መሆኑ ሐቅ ነው፤ ነገር ግን ከዚህ ሐቅ ጋር ተያይዞ እስከ ዛሬ በምረቃ ንግግሮች ላይ የሚደጋገም አንድ ሐሰት አለ፤ ይኸውም በኢትዮጵያ የሕግ ትምህርት ከ1956 ዓ.ም. በፊት አልነበረም የሚለው ነው።

በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፃዊው ሊቅ በኢብን አል አሳል በዐረብኛ ተጠናቅሮ ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት በ51 አንቀጾች የተከፈለ ሲሆን፣ 22ቱ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ የቀሩት ስለ ሥጋዊው ፍርድ ይናገራሉ፤ 43ኛው አንቀጽ ራሱን የቻለ የዳኞች አንቀጽ ነው። ይህን መጽሐፍ በየጉባኤ ቤቱ ከነትርጓሜው የሚያስኬዱ መምህራን፣ ከመምህራኑም እግር ሥር ለዓመታት ተቀምጠው የሚማሩ ደቀ መዛሙርት ነበሩ፤ ሊቃውንቱም በነገሥታቱ ችሎት እየቆሙ መጽሐፉ የሚለውን ያሰሙ ነበር። ይህ ሥርዓት ለዘመናዊው ንግድና ለመንግሥት አስተዳደር አይበቃም ማለት ይቻላል፤ እውነትም ነው። አልነበረም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ምክንያቱም አዲሱ የሕግ ፋኩልቲ ራሱ በ1960 ዓ.ም. በአባ ጳውሎስ ጻድዋ የተተረጎመውን የፍትሐ ነገሥት የእንግሊዝኛ ትርጉም ያሳተመ በመሆኑ፣ ከእርሱ በፊት ምን እንደ ነበረ ያውቅ ነበር። ማሻሻያን የሚያውጅ ሰው የቀደመውን እያጨለመ የራሱን ሻማ እንዲያበራ ፈተና ይመጣበታል፤ በደርግ ዘመን የንጉሡ፣ በኢሕአዴግ ዘመን የደርግ፣ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኢሕአዴግ ትምህርት በየተራው ሲጨልም ሰምተናል። ጉድለት የሌለበት ዘመን ስለሌለ ንግግሩ ሁልጊዜ ጥቂት እውነት አለው፤ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ከዘመናችን ማሻሻያዎች ዋነኛው በ1998 ዓ.ም. የወጣው የሕግ ትምህርትና ሥልጠና ማሻሻያ ነው። የአቅም ግንባታ ሚኒስቴርና የፍትሕና የሕግ ሥርዓት ምርምር ኢንስቲትዩት የተሳተፉበት ይህ ሰነድ፣ የሕግ ተመራቂ ንድፈ ሐሳቡን እንጂ አሠራሩን አያውቅም የሚለውን የዳኞችና የዐቃብያነ ሕግ ቅሬታ መነሻ አድርጎ፣ ትምህርቱ የአምስት ዓመት እንዲሆን፣ ተማሪው በፍርድ ቤትና በዐቃቤ ሕግ ቢሮ እየወጣ እንዲለማመድ፣ የምስለ ችሎት ክርክርና ለድኃ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥበት ክሊኒክ እንዲኖር፣ በመጨረሻም አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና እንዲሰጥ ደነገገ። ፈተናው በ2003 ዓ.ም. ተጀመረ። ሰነዱን በአንድ በኩል አመሰግነዋለሁ፤ የተመራቂውን ጉድለት ሲናገር የመምህሩን፣ የቤተ መጻሕፍቱንና የሥርዓተ ትምህርቱን ጉድለት አብሮ ይናገራል። ከሰነዱ በኋላ በአደባባይ የተነገረው ግን የተማሪው ድርሻ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል፤ አንድ የሕግ ተማሪ ወደቀ ሲባል የሰማ ሰው፣ ያ ተማሪ የውል ሕግን ያለ መጽሐፍ፣ ከመምህሩ ማስታወሻ ብቻ እንደ ተማረ አልሰማም።

የቁጥር ነገር ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የመውጫ ፈተና ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሲሰጥ፣ በሐምሌ ወር ትምህርት ሚኒስቴር ባወጣው ውጤት ከ150,184 ተፈታኞች ያለፉት 61,054 ብቻ እንደ ሆኑ ተነገረ፤ ይህም 40.65 በመቶ ነው። ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት 77,981 ሰዎች 48,632ቱ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ከተፈተኑት 72,203 ያለፉት 12,422 ናቸው። ሚኒስቴሩ ቁጥሩን ሳይሸፍን ማውጣቱ የሚያስመሰግነው ነው፤ ከዚህ በፊት የነበረው ልማድ መሸፈን ነበርና። ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር የሒሳብ ሠራተኛውን፣ ነርሱን፣ የአስተዳደር ምሩቁንና ሌላውን በአንድ ከረጢት የጨመረ ስለ ሆነ፣ በዚህ ቁጥር ላይ ቆሞ «የሕግ ባለሙያዎቻችን ግማሾቹ እንኳ ለሙያው አይበቁም» ብሎ የሚናገር ሰው፣ የጠቀሰው ቁጥር እውነተኛ ሆኖ ሳለ አድማጩን ያሳስታል። በችሎት እንዲህ ያለ ምስክር ቢቀርብ፣ ዳኛው «የተጠየቅኸውን መልስ» ይለው ነበር። ዳግመኛም ፈተና የሚለካው በፈተና የሚለካውን ብቻ ነው፤ ምስክርን መስቀለኛ ጥያቄ የመጠየቅ ብልኃት፣ የተጨነቀን ባለጉዳይ የማዳመጥ ትዕግሥት፣ ጉቦን እንቢ የማለት ድፍረት በምርጫ ጥያቄ ወረቀት ላይ አይታዩም። ስለዚህ ፈተናው ይቅር አልልም፤ ይኑር። ነገር ግን ውጤቱን የሚያውጅ ሰው ምን እንደ ለካና ምን እንዳልለካ በዚያው ትንፋሽ ቢናገር፣ የቃሉ ክብደት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንግባ። በ2002 ዓ.ም. ክረምት፣ በነሐሴ፣ የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ የግል ተቋማት ከእንግዲህ ሕግና መምህርነትን እንዳያስተምሩ፣ የርቀት ትምህርትም እንዲቆም መወሰኑ ተገለጠ። የግል ተቋማቱ ሳይመከርበት የወጣ ነው ብለው አቤት አሉ፤ ከድርድር በኋላም በርቀት ትምህርት ላይ የወጣው እገዳ ብዙ ሳይቆይ ላላ። መንግሥት ጥራት የጎደለውን ትምህርት የመዝጋት ሥልጣን እንዳለው፣ ከተቋማቱም አንዳንዶቹ በእርግጥ ዲግሪን እንደ ሸቀጥ ይሸጡ እንደ ነበር አልክድም። ግን ቃሉ በማን ላይ ወደቀ? በኮልፌ ቀራንዮ፣ በአየር ጤና ወይም በቤቴል መንገድ ዳር በአንዲት ጠባብ ክፍል ማኅተሙን አስቀርጾ የተቀመጠ፣ ቀን ሲሠራ ማታ ሲማር በግል ኮሌጅ ሕግ ጨርሶ፣ የጥብቅና ፈተናውን እንደ ማንም አልፎ ፈቃድ ያገኘ አንድ ጠበቃ እናስብ። ማስታወቂያው ስለ እርሱ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ሆኖም ደንበኛው ዜናውን ሰምቶ በማግስቱ ሲመጣ፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ዲግሪ የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። ይህ ሰው በየትኛውም ጉባኤ አልተጠራም፤ ድክመቱ አልተለካም፤ መልስም አልተጠየቀም። አንድን ተቋም በተግባሩ መርምሮ መዝጋትና አንድን ወገን በጅምላ በቃል ማስነወር የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው የአስተዳደር ሥልጣን ሲሆን፣ ሁለተኛው ያለ ክስ የተሰጠ ፍርድ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ስፍራ የኮልፌውን እንግዳ ምሳሌ አድርጌ ለመደምደም መንገዱ ክፍት ነበረ፤ ምክንያቱም ማንዴላ ጠበቃ የሆኑት ያለ ሕግ ዲግሪ፣ በሌሎች ጠበቆች ቢሮ ተለማምደውና የሙያ ፈተና አልፈው ሲሆን፣ የሕግ ዲግሪያቸውን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1989፣ በእስር ላይ ሳሉ፣ ከደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ በርቀት ተምረው ነው። ይህ ታሪክ የርቀት ትምህርት ጠበቃ ሊያወጣ አይችልም የሚለውን አፍ ያዘጋል። ነገር ግን በ2002 ዓ.ም. በእኛ አገር ይሰጥ የነበረው የርቀት ትምህርት መልካም ነበር ለማለት አያስችልም፤ አንድ ታላቅ ሰው የብዙ ኮሌጆች ዋስ ሊሆን አይችልምና። በዚያ ክርክር ወቅት የታላላቅ ሰዎችን ስም እየጠሩ ለግል ኮሌጆች የተሟገቱ ሰዎች፣ ከሳሹን ወገን የምንወቅስበትን ጥፋት ራሳቸው በሌላ መልኩ ፈጽመውታል።

የጥቅም ነገርም እንዲሁ ነው። «ለድኃው ልጅ የትምህርት በር አይዘጋ» ብሎ የሚጮኽ የኮሌጅ ባለቤት እውነት ሊናገር ይችላል፤ ነገር ግን ከየተማሪው በወር የሚሰበስበውን አብሮ ካልተናገረ፣ አድማጩ የቃሉን ክብደት ሊመዝን አይችልም። «የጥብቅና ፈተናው ይጥበቅ» የሚል ነባር ጠበቃም እንደዚሁ ነው፤ በሩ ሲጠብ ገበያው የሚሰፋው ለእርሱ ነውና። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ቀን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የግል ትምህርትን ጥራት እየነቀፈ፣ ማታ በዚያው በነቀፈው ኮሌጅ በሰዓት ክፍያ የሚያስተምር መምህር ነው፤ ትምህርቱ የተበላሸው በማን እጅ ይሆን? የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 ጠበቃ ከደንበኛው ጋር የጥቅም ግጭት እንዳይኖረው ይጠነቀቃል፤ ከዚያ ወዲህ የወጣው የፌዴራል ጥብቅና አገልግሎት ዐዋጅ ቁጥር 1249/2013ም ለጠበቆች ማኅበርን ፈጥሮ ሙያው ራሱን በራሱ እንዲያርም መንገድ ከፍቷል። ጠበቃው በሕዝብ ፊት ስለ ሙያው መግቢያ በር ሲናገር ደንበኛው መላው ሕዝብ እንደ ሆነ ቢቆጠር፣ የጥቅሙን ነገር አስቀድሞ መናገር ግዴታው በሆነ ነበር።

ከመምህራን ይህን ሁሉ ግልጽነት ስንጠይቅ፣ ዝም ያሉበትን ምክንያት መርሳት አይገባንም። በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ ተሰናብተዋል፤ ከዚያ በፊት በ1967 ዓ.ም. ተማሪውና መምህሩ በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተልኮ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ነበር። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት 29ኛ አንቀጽ ሐሳብን የመግለጽ መብት ተጽፎ ሳለ፣ የተጻፈውንና የሆነውን ያየ መምህር በስብሰባ ላይ አንገቱን ቢደፋ፣ ፈሪ ብሎ ለመዝለፍ እኔ አልደፍርም። ከዚህ የሚከተለው ግን አንድ ነገር አለ፤ የመምህሩ ቃል በፍርሃት የተጨቆነ፣ የባለሥልጣኑ ቃል ደግሞ ትእዛዝ የሚያስከትል ከሆነ፣ የማስረጃው ሸክም እኩል ሊሆን አይችልም። ተማሪ በጋዜጣ የተሳሳተ ነገር ቢጽፍ ሌላ ጸሐፊ ያርመዋል፤ ሚኒስትር ሲሳሳት ትምህርት ቤት ይዘጋል።

በመጨረሻ የማነሳው የቋንቋን ጉዳይ ነው፤ እርሱም ከፖለቲካው ትኩሳት የተነሣ በእርጋታ ተነጋግረንበት የማናውቀው ነው። የሕግ ትምህርታችን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዛሬ በእንግሊዝኛ ሲሰጥ፣ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ በዐዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረትም በነጋሪት ጋዜጣ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቃል ቢጣረስ የሚጸናው የአማርኛው ነው። በየክልሉ ደግሞ ፍርዱ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ይሰጣል። ስለዚህ በኮልፌ ቀራንዮ ምድብ ችሎት ፊት የሚቆመው ወጣት ምሩቅ፣ አምስት ዓመት በእንግሊዝኛ የተማረውን ስለ ይርጋና ስለ መቃወሚያ በአማርኛ መናገር ሲገባው፣ ልሳኑ ይያዝበታል፤ በየፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉት፣ ዩኒቨርሲቲ ያልረገጡ ሰዎች፣ ከእርሱ የተሻለ የአቤቱታ አማርኛ ሲጽፉ ይታያል። ይህን ያየ ሰው «ምሩቁ ሕግ አያውቅም» ብሎ ቢያውጅ፣ ሕጉን በየትኛው ቋንቋ እንደማያውቅ አልነገረንም። በሌላው ወገን ደግሞ እንግሊዝኛ ይቅር የሚለው ተናጋሪ፣ ማስተማሪያ መጻሕፍቱን ማን በየቋንቋው እንደሚጽፍ፣ ከአንዱ ክልል የተመረቀውስ በሌላው እንዴት እንደሚሠራ ሳይናገር ጭብጨባውን ይዞ ይወርዳል። ሁለቱም የተናገሩት ከፊሉን ነው፤ ከፊሉን መናገርም አድማጩ ሙሉ መስሎት እንዲሄድ ታስቦ ከሆነ ከሐሰት ጋር ይቆጠራል።

የ2002ቱን ማስታወቂያ በዚህ ሚዛን ስመዝነው፣ ዓላማው ቅን ሊሆን እንደሚችል እቀበላለሁ፤ አነጋገሩ ግን ፍትሕ የጎደለው ነበር። የ2015ቱ የውጤት መግለጫ ከእርሱ በእጅጉ ይሻላል፤ ምክንያቱም ቁጥሩን ለሕዝብ ሰጥቷል፤ የቀረው ቁጥሩን መተንተን ነው። ስለዚህ የሕግ መውጫ ፈተናን የምታዘጋጁና ውጤቱን የምታውጁ ሁሉ፣ «ይህን ያህሉ አለፈ፣ ይህን ያህሉ ወደቀ» በምትሉበት በዚያው ቀን፣ ውጤቱን በትምህርት ዓይነት፣ በተቋምና በዓመት ለይታችሁ በአማርኛና በየክልሉ የሥራ ቋንቋ አትሙት፤ ከጎኑም የየትምህርት ቤቱ መምህራንና መጻሕፍት ምን ያህል እንደ ሆኑ ጻፉ፤ የወደቁትና የተነቀፉት ተቋማትም መልሳቸውን በዚያው ገጽ ላይ እንዲሰጡ ስፍራ ተዉላቸው።